«ብልጥ ውል» እና «የብሎክ ሰንሰለት»፦ ለግንባታ ሥራ የቀረቡ ዐዲስ ስያሜዎች ሲመረመሩ

በምዕራብ ሐረርጌ የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ በሆነችው በመቻራ፣ ለአነስተኛ የሥራ ተቋራጮች በተሰጠ አንድ አጭር ሥልጠና ላይ የታደለ ጥራዝ ከእጄ ከገባ ወራት ተቆጥረዋል። ጥራዙ ከሠላሳ ገጽ አይበልጥም። ያዘጋጀውን አማካሪ ድርጅት በስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና። የተጻፈው በእንግሊዝኛው ዓለም «ብሎክቼን» እና «ስማርት ኮንትራክት» የሚባሉት ሁለት የኮምፒዩተር ስልቶች ለሕንፃና ለመንገድ ሥራ እንዴት እንደሚውሉ ለማስተማር ነው። ለመጀመሪያው «የብሎክ ሰንሰለት»፣ ለሁለተኛው «ብልጥ ውል» የሚል ስያሜ ሰጥቶ፣ በመጨረሻው ገጽ ዐሥራ አንድ ቃላት የያዘ መፍቻ አያይዟል። የዚህ ሐተታ ጉዳይ እነዚህ ስያሜዎች ናቸው።

ጥራዙን ለማንቋሸሽ አልተነሣሁም። ዐረፍተ ነገሮቹ በአመዛኙ ቀና ናቸው፤ ተርጓሚው እንደ ለፋበትም ይታያል። ነገር ግን ስለ ውልና ስለ ክፍያ የሚናገር ጽሑፍ እንደ ልብ ወለድ ትርጉም በጠቅላላ ጣዕሙ ብቻ አይመዘንም። አንዲት ቃል ብትስት የሰው እንጀራ ይስታል። ይህም በመቻራ በእርግጥ ደርሷል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንባቢ ሁሉ የኮምፒዩተር ሰው ስላልሆነ አስቀድሞ ስለ ነገሩ ጥቂት መናገር ይገባል። ብሎክቼን በመሠረቱ መዝገብ ነው። የገንዘብ ዝውውር፣ የዕቃ ርክክብ፣ የሥራ ልክ ማረጋገጫ ወይም ሌላ ድርጊት በየጊዜው እየተጠቃለለ በአንድ ጥቅል ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ጥቅል ደግሞ የቀዳሚውን ጥቅል አኃዛዊ አሻራ በራሱ ውስጥ ይይዛል። ስለዚህ ከቀደሙት ጥቅሎች በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ይለወጣል፤ ተከታዩ ከያዘው አሻራ ጋር አይገጥምም፤ ለውጡም ይጋለጣል። የመዝገቡ ቅጂ በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ሳይሆን በብዙ ተሳታፊዎች ኮምፒዩተር ላይ የሚገኝ ነው። ስቱዋርት ሐበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰነዶችን በዚህ ዐይነት የጊዜ ማኅተም ማያያዝ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፈው ነበር፤ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የቀረበው የቢትኮይን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ሐሳቡ ለገንዘብ ዋለ። እኛን የቃል መርማሪዎችን የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በዚያ ጽሑፍ «ብሎክ» እና «ቼን» ለየብቻቸው ይገኛሉ እንጂ «ብሎክቼን» የሚል የተጣመረ ቃል የለም። ጥምሩ የተለመደው ከዚያ በኋላ በተጠቃሚዎች አንደበት ነው። እንግዲህ የምንተረጉመው የፈልሳፊውን ስያሜ ሳይሆን የገበያውን ነው፤ ስለዚህም እንደ ቅዱስ ቃል ልንፈራው አይገባም።

«የብሎክ ሰንሰለት» የተባለው ስያሜ ለባንክ ሠራተኛ ቢነገር ምናልባት ያለ ችግር ያልፍ ይሆናል። ለግንበኛ ሲነገር ግን ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የግንባታ ቦታ «ብሎኬት» ማለት ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚመረት፣ ሆዱ ክፍት የሆነ የግድግዳ ድንጋይ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ከ«ፌሮ»፣ ከ«አርማታ»፣ ከ«ሊሾ» እና ከ«ሶሌታ» ጋር አንድ ላይ በግንበኞች አፍ ከገባ ትውልዶች አልፈዋል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ «ብሎክ» ራሱን የቻለ ሕንፃ ነው፤ «ብሎክ 14 ሁለተኛ ፎቅ» ብሎ አድራሻ የሚሰጠው የአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙ ነው። ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛ ትርጉም አለ፤ «ብሎክ አደረገችው» ሲባል ከስልኳ ዘጋችው ማለት ነው። ስያሜው ከእነዚህ ሦስቱ ትርጉሞች ጋር በአንድ የሥራ ቦታ ሊውል ነው። በጥራዙ ገጽ 6 «እያንዳንዱ ብሎክ ከቀዳሚው ጋር ስለሚያያዝ ሊነቀል አይችልም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ሥልጠናውን የተከታተለ አንድ የብሎኬት አምራች ይህን አንብቦ ስለ ምን እንደሚናገር ብጠይቀው፣ ስለ ጥሩ ሞርታር መሆኑን ያለ ጥርጥር ነገረኝ። ሳቄን ዋጥሁት፤ የሳተው እርሱ አልነበረምና።

«ሰንሰለት» የሚለውስ? በዚህ አካባቢ ሰንሰለት ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የጨርጨር ተራሮች ሰንሰለት ነው፤ ቀጥሎ የእስረኛ ብረት። ሁለቱም የመያያዝን ሐሳብ ስለሚሰጡ በዚህ በኩል ቃሉ ደኅና ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ «የብሎክ ሰንሰለት» ከሚለው ሐረግ ውስጥ ነገሩ መዝገብ መሆኑ ፈጽሞ አይታይም። የእንግሊዝኛው ስያሜም ይህን ይደብቃል፤ ነገር ግን የምንጩን ጉድለት ሁሉ ተሸክሞ መግባት የተርጓሚ ግዴታ አይደለም።

ከባልደረቦቼ መካከል «መዝገበ ሰንሰለት» ይባል ያሉ አሉ። ለጆሮ ያምራል፤ «መዝገበ ቃላት» ን ያስታውሳልና። ነገር ግን የግእዙ ዘርፍና ባለቤት አቀማመጥ ራሱን ያፈርሰዋል፤ መዝገበ ቃላት የቃላት መዝገብ ከሆነ፣ መዝገበ ሰንሰለት የሰንሰለቶች መዝገብ ይሆናል፤ ይኸውም ብረታ ብረት የሚሸጥ ሰው የሚይዘው ደብተር ነው። «ሐረገ መዝገብ» የሚለው ሁለተኛው ሐሳብ የበለጠ ይማርካል። ሐረግ ተክሉም የዘር ትውልዱም ስለሆነ፣ ልጁ የአባቱን ስም ይዞ እንደሚጠራ ሁሉ እያንዳንዱ ጥቅል የቀዳሚውን አሻራ ይዞ መገኘቱን በሚገባ ያሳያል። ነገር ግን ሐረግ ይዛመታል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ይህ መዝገብ ደግሞ በአንድ መሥመር እንዲሄድ የተሠራ ነው። በዚያም ላይ ሰዋስው ጸሐፊዎች ቃሉን ለራሳቸው ወስደውታል። በበኩሌ «ሰንሰለታዊ መዝገብ» የሚለውን እመርጣለሁ። ባለቤቱ መዝገብ ነው፤ ሰንሰለታዊነቱ ቅጽሉ ነው፤ ግንበኛውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ዳኛውም ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል። «ብሎክቼን» የሚለው የውጭ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳለ መግባቱን አልቃወምም፤ ፌሮን የተቀበለ ቋንቋ ብሎክቼንን የሚያስወግድበት ምክንያት የለውም። የምቃወመው ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን መተውን ነው። «የብሎክ ሰንሰለት» ከሁለቱም አልሆነም።

ስለ መዝገቡ አለመለወጥ ጥራዙ «የማይለወጥ» የሚለውን ቅጽል ይጠቀማል። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ ግን ደረቅ ነው፤ ከዚህም በላይ አማርኛ በዚህ ጉዳይ የራሱ የሆነ፣ ተቋራጭ ሁሉ በየጨረታው የሚያገኘው አነጋገር አለው፤ «ስርዝ ድልዝ»። የጨረታ ሰነድ ስርዝ ድልዝ ካለበት እንደማይቀበሉት ያልተነገረው ተጫራች የት ይገኛል? «ስርዝ ድልዝ የማይቀበል መዝገብ» ቢባል የነገሩ ፍሬ በአንድ ጊዜ ይገባል። ከዚህም ሌላ ትክክለኛው ነገር አለመለወጡ ሳይሆን ቢለወጥ መታወቁ ነው፤ «ስርዝ ድልዝ» ደግሞ በወረቀት ላይ የቀረውን ዱካ የሚያመለክት ስለሆነ ይህን ልዩነት በራሱ ይዟል።

የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕጣው የወጣበት የተመዝጋቢዎች መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ፤ በጉዳዩ የተጠረጠሩ የቴክኖሎጂ ሠራተኞችና ኀላፊዎችም ታሰሩ። ለዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሰው ከስሙ አጠገብ ሌላ ስም በሥውር ሲገባ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሰንሰለታዊ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ስም መጨመሩን ባላስቀረ፤ መቼና በማን በኩል እንደ ተጨመረ ግን ባሳየ ነበር። በዚያው አንጻር ከመጀመሪያው ሐሰት ሆኖ የገባ ስም በሰንሰለቱ ውስጥ እንደ እውነተኛው ታትሞ ይኖራል። ጥራዙ ይህን ሁለተኛውን ነገር አይናገርም፤ «የማይለወጥ» ብሎ «የማይዋሽ» እንዲመስል ትቶታል።

በዚሁ አያይዤ አንድ ሌላ ስሕተት ላንሣ። ቅጂው በየተሳታፊው ዘንድ መገኘቱን ለመግለጽ መፍቻው «የተከፋፈለ መዝገብ» ይላል። የተከፋፈለ ነገር ግን ለየአንዳንዱ ድርሻ ድርሻው የደረሰ ነው፤ ቅርጫ እንደሚከፋፈል። እዚህ ድርሻ የለም፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሙሉው ነው። «የተባዛ መዝገብ» ወይም በቀላሉ «በየእጁ ያለ መዝገብ» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ «ብልጥ ውል» እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ስያሜውን በእንግሊዝኛ ያወጣው ኒክ ዛቦ የተባለ የሕግና የኮምፒዩተር ዐዋቂ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1994 ነው። ምሳሌው ያደረገው ሳንቲም ሲገባበት መጠጥ የሚያወጣውን መሸጫ ማሽን ነበር፤ ማሽኑ ገዢውን አያውቅም፣ አያምንም፣ አይከራከርም፤ ሁኔታው ሲሟላ ግዴታውን ይፈጽማል። ከዚያ ዘመን በኋላ ኢተሪየም የተባለው መረብ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በሰንሰለታዊ መዝገብ ላይ ተጽፈው መሮጥ ጀመሩ። በግንባታ ሥራ ያለው ተስፋ ግልጽ ነው፤ የመሠረቱ ሥራ ማለቁ ተረጋግጦ ሲመዘገብ ክፍያው ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ደጅ ጥናት ለተቋራጩ ይለቀቃል። የክፍያ ሰርተፍኬት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ነገር ግን «ብልጥ»? ብልጥ ከ«በለጠ» የወጣ ነው፤ ብልጥ ማለት ሌላውን በልጦ የተገኘ፣ አስበልጦ የማይሰጥ ማለት ነው። «ብልጣ ብልጥ» ስድብ ነው። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» የሚለው ተረት ልጁን ያደንቃል፤ ሰጪውን ግን ያስጠነቅቃል። ውልን በዚህ ቅጽል መጥራት ከሁለቱ ተዋዋዮች አንደኛውን ሞኝ ማድረግ ነው። ይህ የእኔ የመዝገበ ቃላት ጭንቀት ብቻ አይደለም። በመቻራ አንድ ዕድሜው የገፋ ካቦ ከሥልጠናው ሲወጣ አገኘሁትና፣ «ኦቦ፣ ትምህርቱ እንዴት ነበር?» ብለው፣ «ዶክተር፣ ውሉ ብልጥ ከሆነ ሞኙ እኔ ነኛ!» አለኝ። በሥልጠናው የተነገረውን አልናቀም፤ የስያሜውን ትርጉም በትክክል አነበበ እንጂ።

«ብልህ ውል» ያሉም አሉ። ይህ ከስድብ ይድናል፤ ከሐሰት ግን አይድንም። ፕሮግራሙ ብልህ አይደለም፤ የተጻፈለትን ቃል በቃል ከመፈጸም በቀር አንዳች አያውቅም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 «ዘ ዳኦ» በተባለው የጋራ ገንዘብ ላይ የደረሰው ይህንኑ አሳይቷል፤ አንድ ሰው በኮዱ ውስጥ የነበረ ክፍተት አግኝቶ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር ወደ ራሱ በኩል አዞረ፤ ኮዱም ያለ ማቅማማት ከፈለው። ከኢተሪየም መሥራቾች ዋናው ቪታሊክ ቡተሪን ራሱ፣ ስያሜውን በመቀበሉ እንደሚጸጸትና አሰልቺ የሆነ ቴክኒካዊ ስም ቢሰጠው ይሻል እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2018 በአደባባይ ተናግሯል። ባለቤቱ የተጸጸተበትን ስም እኛ ለምን በጉጉት እንተረጉማለን?

ከቅጽሉ ይልቅ ግን የበለጠ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለ ባለቤቱ ስም፣ ስለ «ውል» ነው። በአማርኛ ውል መጀመሪያ የፈትል ነገር ነው። የልቃቂት ውል የተያዘ እንደ ሆነ ክሩ ሳይተበተብ ይመዘዛል፤ ውሉ ከጠፋ ልቃቂቱ ሁሉ ጓጉንቸር ይሆናል። «ነገሩ ውል የለውም»፣ «ውሉን ሳተ» የምንለው ከዚያው ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገው ስምምነትም ይህን ስም መያዙ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ነገር ሲወሳሰብ ተመልሶ የሚያዘው ጫፍ ማለት ይሆናልና። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከፈረንሳይኛው የሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ይህን የቆየ ቃል ይዞ በቁጥር 1675 ትርጓሜ ሰጠው፤ በሰዎች መካከል የሚደረግ፣ ንብረትን የሚመለከቱ ግዴታዎችን የሚያቋቁም፣ የሚለውጥ ወይም የሚያስቀር ስምምነት ነው። ቁጥር 1678 ደግሞ የተዋዋዮችን ችሎታና ፈቃድ፣ የጉዳዩን ሕጋዊነትና፣ ሕግ ሲያዝ ፎርሙን ይጠይቃል። ስምምነት የሚደረገው በሰዎች መካከል ነው። ኮዱ ሰው አይደለም፤ ስምምነትም አይደለም። ሁለት ሰዎች ከተስማሙ በኋላ የስምምነታቸውን አንድ ክፍል በተግባር የሚያውል መሣሪያ ነው። በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት ስምምነቱ ራሱ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሊደረግ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆንም ውል የሚሆነው ስምምነቱ እንጂ ኮዱ አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «በራሱ የሚፈጸም ውል» የሚለውን ሐሳብ አቅርበዋል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ደግፌው ነበር። አሁን አልደግፈውም፤ ምክንያቱን ከመቻራ ተምሬዋለሁ።

ሥልጠናው በተሰጠ ሰሞን፣ የሐረርጌን አማርኛ ቃላት ለመልቀም እዚያው ነበርሁ። አንድ የወጣቶች የግንባታ ማኅበር ሰብሳቢ የቡና ማከማቻ ግድግዳ ለማስገንባት ከአንድ ካቦ ጋር ተዋዋለ። ኮምፒዩተር የለበትም፤ ውሉ በወረቀት ነው። ሰብሳቢው ግን የጥራዙን አነጋገር ወዶ አንድ ዐረፍተ ነገር ከዚያ ቀዳ፤ «ውሉ ሲፈጸም ክፍያው ወዲያውኑ ይለቀቃል።» ካቦው ሲነበብለት የገባው፣ ውል የሚፈጸመው ሲፈረም ነው የሚለው ነበር፤ «ውል ፈጸሙ» ሲባል ተፈራረሙ ማለት እንደ ሆነ ሬዲዮ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሲሚንቶ በዱቤ አነሣ፤ አምስት የቀን ሠራተኞች አሰማራ፤ በሦስተኛውም ቀን ገንዘቡን ጠየቀ። ሰብሳቢው ግድግዳው ሲያልቅ ነው አለ፤ እርሱም አልተሳሳተም፤ ሕጉ ራሱ ግዴታን ማከናወንን «መፈጸም» ይለዋልና። የሲሚንቶው ነጋዴ አልታገሠም፤ ሠራተኞቹም በአራተኛው ቀን ቀሩ። ነገሩ ወደ ሽምግልና፣ በአገሩ አነጋገር ወደ ጃርሱማ፣ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበቡ፤ ወደ አፋን ኦሮሞ አስመለሱት፤ ያስመለሱት ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ መለሱት። በመጨረሻ ከሁለቱ ማንኛቸውም እንዳልዋሹ ተናግረው፣ እኩሌታው አሁን፣ እኩሌታው ግድግዳው ሲቆም እንዲከፈል ወሰኑ።

ኮድ ቢሆን ኖሮ ይህን ፍርድ መስጠት አይችልም ነበር። ከሁለቱ ንባቦች አንዱን አስቀድሞ ይመርጥ ነበር፤ የትኛውን? ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የያዘውን። «ተፈጸመ» በአንድ በኩል መዋዋልን፣ በሌላ በኩል ማከናወንን፣ በሦስተኛ ደግሞ ማለቅን ይዟል፤ የእንግሊዝኛው አቻም ፊርማን፣ አፈጻጸምን፣ የኮድ መሮጥንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ተርጓሚው ችግሩን ከምንጩ ወርሶታል። አማርኛ ግን ለመለየት የሚያስችለው ሀብት አላጣም፤ ለመጀመሪያው «መዋዋል» አለ፣ ለሁለተኛው «መፈጸም»፣ ለሦስተኛው «መጠናቀቅ»፣ ኮዱን ለማስሮጥም «ማስኬድ»። ልዩነቱን አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። የግንባታ ሰው «የጨረታ ማስከበሪያ» እና «የውል ማስከበሪያ» የሚሉትን ስሞች በየቀኑ ይጠቀምባቸዋል፤ ሁለቱም በ«ማ» ጀምረው በ«ያ» የሚጨርሱ የመሣሪያ ስሞች ናቸው፤ እንደ ማጣሪያ። በዚሁ አርአያ «ውል ማስፈጸሚያ ኮድ» ቢባል፣ ነገሩ ውል አለመሆኑ፣ ሰውም አለመሆኑ፣ መሣሪያ መሆኑ ከቃሉ ቅርጽ ይታወቃል። «ውል አስፈጻሚ» ያልሁት ቢመስል አይደለም፤ አስፈጻሚ ሹም ነው፤ ሹም ደግሞ ይጠየቃል። «ኮድ» የሚለው የውጭ ቃል መኖሩ የሚያስቀይመው ሰው ካለ «መርሐ ግብር» ን ያመጣ ይሆናል፤ እኔ ግን ቀን ሠራተኛ ሳይቀር የሚያውቀውን ቃል በማያውቀው አልለውጥም። «ላብ አደር» እና «ወዛደር» በየልሳኑ ሲፎካከሩ በነበረበት ዘመን የባከነውን ቀለም የምናስታውስ ሰዎች ለእንዲህ ያለው ክርክር ትዕግሥታችን አጭር ነው።

ከመፍቻው ቃላት ሁሉ እጅግ የገረመኝ «ነቢይ» ነው። ኮዱ ከራሱ መዝገብ ውጭ ያለውን ዓለም አያይም፤ አርማታው መድረቁን፣ ፌሮው በሥዕሉ ልክ መታሠሩን አያውቅም። ይህን መረጃ ከውጭ የሚያመጣለትን ሰው ወይም መሣሪያ እንግሊዝኛው በጥንታዊ ግሪክ የጣዖት ቤት ትንቢት ነጋሪ ስም ይጠራዋል፤ ተርጓሚያችንም መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «ነቢይ» አለ። ውጤቱ በገጽ 19 ይታያል፤ «ነቢዩ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሲያረጋግጥ ክፍያ ይለቀቃል።» የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ናሙናው በመጭመቂያ ማሽን ተሰብሮ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ቤተ ሙከራ፣ የሚፈርመውም አማካሪ መሐንዲስ ነው። ነቢይ አይሳሳትም፤ መሐንዲስ ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገዛል። ያመጣው መረጃ ሐሰት እንደ ሆነ ኮዱ በሐሰቱ ላይ ይከፍላል፤ ስለዚህ ስያሜው ስለ እውነት ቃል የማይገባ መሆን አለበት። «መረጃ አቀባይ» በቂ ነው። አቀባይ ያቀብላል፤ ያቀበለው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ የእኛ ነው። በአንጻሩ እያንዳንዱን ግቤት አይተው የሚያጸድቁትን ኮምፒዩተሮች ጥራዙ «አጽዳቂ» ሲላቸው፣ እኔ «እማኝ» የሚለውን የቆየ ቃል እመርጣለሁ፤ በአባቶቻችን ውል እማኝ የነገሩን ይዘት አይወስንም፤ ሲደረግ ማየቱን ይናገራል እንጂ።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 «ከአቅም በላይ የሆነ ኀይል» ለሚለው ሁኔታ በውሉ አፈጻጸም ላይ ቦታ ይሰጣል። ክረምት መንገዱን ሲቆርጠው ከጭሮ ወደ መቻራ ሲሚንቶ አይደርስም፤ ኮዱ ቀን ቆጥሮ ቅጣት ይቀንሳል። ጥራዙ ስለዚህ ጉዳይ ግማሽ ገጽ ጽፏል፤ ለእርሱ «የማይታለፍ ኀይል» የሚል ዐዲስ ስያሜ ፈጥሮለታል። ስልሳ ዓመት ያለፈው የሕግ ቃል እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? የሕግ ጽሑፍ ተርጓሚ መጀመሪያ ሊገልጠው የሚገባው መጽሐፍ ሕጉ ነው። ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። ነገ አንድ የግንባታ ሕግ ሲረቀቅ በእንዲህ ያለ ጥራዝ የተለመደ ቃል ተሻግሮ ቢገባ፣ ዳኛ የሚፈርደው በእርሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሣ ሊያልፍ አይገባም። የምዕራብ ሐረርጌ ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ጥራዙ የተዘጋጀው በአማርኛ ብቻ ነው። በአፋን ኦሮሞ ውል «ወሊገልቴ» ይባላል፤ መስማማት የሚለው ሐሳብ ከቃሉ ጋር ተወልዷል። ያን ቃል «ብልጥ» ከሚለው ጋር ለማጣመር የሞከረ ተርጓሚ ቢኖር ወዲያው ይታወቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። ስያሜ ስናወጣ የጎረቤት ቋንቋ ባለሙያ አብሮን ቢቀመጥ ስሕተታችን ቶሎ ይታየናል። የአካባቢው ሕዝብ አሰበ ተፈሪንና ጭሮን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሳያምታታ የሚጠራ ነው፤ ሁለት ስም መሸከም አይከብደውም፤ የሚከብደው ሁለት ትርጉም ያለው አንድ ስም ነው።

ስለ ቀሩት ቃላት ረጅም ማለት አያስፈልግም። ለአኃዛዊው መለያ «አሻራ» ማለቱ ግሩም ነው፤ በዚህ ተርጓሚውን አመሰግናለሁ። ብርቱ ኮምፒዩተሮችን በኤሌክትሪክ እያስሮጡ ቢትኮይን ማግኘትን «ዳታ ማይኒንግ» ማለቱ ግን ከባለ ሥልጣኖችና ከጋዜጦች የተቀዳ ስሕተት ነው፤ ይህ ስም በኮምፒዩተር ሳይንስ ከብዙ መረጃ ውስጥ ሥርዐት ፈልጎ ለማውጣት አስቀድሞ ተይዟል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ብር ብቻ ሕጋዊ መገበያያ መሆኑን ሲያስጠነቅቅ የተናገረው ስለ ገንዘቡ እንደ ነበረ፣ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ለአምስት ሚሊዮን ተማሪዎች የዲጂታል መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ መዝገብ እንዲሠራ ከካርዳኖ ባለቤቶች ጋር ሲስማማ የተናገረው ግን ስለ መዝገቡ እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ቢል፣ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ምን ያህል እንደሚያደናግር ይገነዘባል።

አንድ የቀረኝ አለ። ተሳታፊዎች ሳይስማሙ ቀርተው መዝገቡ ከአንድ ቦታ ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲቀጥል፣ በዘ ዳኦ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 እንደ ሆነው፣ ጥራዙ «ጠንካራ ሹካ» ይለዋል። ሹካ የምግብ ዕቃ ነው። «መንታ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መንታ አብሮ የተወለደ ነው፤ እነዚህ ግን አብረው ኖረው የተለያዩ ናቸው። «ክፍልፋይ» አልወደድሁትም፣ «መለያያ» ም እንዲሁ። ለዚህ ቃል ያገኘሁት የሚያጠግብ ነገር የለምና፣ ከአንባብያን መካከል በገበሬ ወይም በሸማኔ አፍ የሰማ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።